መቀጠል ሌላ፣ መሸከም ሌላ



በእጅ ተጽፋ ከእጅ ወደ እጅ በምትዞረው በዚህች መጽሔታችን እስካሁን ግጥምና የአገር ትዝታ በብዛት ሲወጣ ቆይቷል፤ ደግም ነው። ዳሩ ግን አዘጋጆቹ «ስለ እጅ ሥራችሁም ጻፉ» ብለው ስላሳሰቡን፣ እኔም በበኩሌ እንጀራዬ ስለሆነው ስለ ገመድ ልጽፍ ተነሣሁ። ገመድ ስል ኮምፒዩተርን ከኮምፒዩተር የሚያገናኘውን፣ በተለምዶ የኔትወርክ ኬብል የምንለውን ማለቴ ነው። ርእሱ ደረቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚህ ገመድ ምክንያት የሰው ስም ሲጠፋ በዓይኔ ስላየሁ፣ ቢጻፍ ይጠቅማል ብዬ አመንኩ።

ላስረዳ የምወደው ቁም ነገር አንድ ነው። ገመድ ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ መቀጠሉ አንድ ነገር ነው፤ የተጫነበትን ተሸክሞ ማድረሱ ግን ሌላ ነገር ነው። የፊተኛውን የሚያሳይ ምርመራ የኋለኛውን አያሳይም። ይህን ሳይለዩ «ተፈትሿል» ብሎ መፈረም ደግሞ በሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል።

እዚህ ካኩማ ውስጥ ብዙ ነገር በገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሆኗል። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም የሩቅ ዘመድ ወሬ የሚጠበቀው በደብዳቤና በመንገደኛ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን ሩቅ አገር ካሉ መምህራን የሚማሩት፣ አንዳንዶቻችንም ለቃለ መጠይቅ የምንቀርበው በኢንተርኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በሕንድ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጉ ኬብሎች ሞምባሳ ላይ ወደ የብስ ወጥተዋል። ከዚያ ወዲህ ወሬው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ባሕር አቋርጦ ይመጣል። ሆኖም መጨረሻ ላይ ከማማው ሥር ወደ መማሪያ ክፍሉ የሚያስገባው የትንሽ ጣት ውፍረት የሌለው፣ መቶ ሜትር የማይሞላ ገመድ ነው። ያ ገመድ ከሰነፈ የውቅያኖሱ ኬብል ብርታት ለተማሪው ምንም አይፈይድለትም።

እንግዲህ ስለ መፈተሻው ልናገር። በእጅ የሚያዙ የገመድ መፈተሻዎች፣ ሠራተኛው ቴስተር የሚላቸው፣ በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በየሱቁ የሚገኘው ባለ ስምንት አምፖሉ ነው። ሁለት አካል አለው፤ አንዱን በገመዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላውን በዚያ ጫፍ ይሰኩታል። በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ሲያበሩት ከ1 እስከ 8 የተጻፈባቸው ትንንሽ አምፖሎች በሁለቱም ወገን በየተራ ብልጭ ይላሉ። ያልበራ ቁጥር ካለ ያ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። በዚህ በኩል 3 ሲበራ በዚያ በኩል 6 ከበራ ሽቦዎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚነግረን የለውም። ሁለተኛው ደረጃ ርዝመቱን ይለካል፤ ከዚህም ጋር ገመዱ የተባለውን ፍጥነት፣ ለምሳሌ 100 ወይም 1000 ሜጋቢት በሴኮንድ፣ ሊሸከም መቻሉን ይመረምራል። ሦስተኛው ደረጃ ገመዱ ዓለም አቀፉን መለኪያ ማሟላቱን አንድ በአንድ በቁጥር ለክቶ፣ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግቦ ምስክርነት የሚሰጥ ነው። ይኸኛው በጣም ውድ ስለሆነ በእኛ አቅም የሚታሰብ አይደለም። ባለ ስምንት አምፖሉ ግን በእኔ ኪስ ውስጥም አለ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህ ነገር ሥር ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 በአየርላንድና በኒውፋውንድላንድ መካከል በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ኬብል ተዘረጋ። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቀጠለ ስለነበር ምልክቱ ማዶ ደረሰ። በኒውዮርክ ከተማ ርችት ተተኩሶ፣ በዚያው እሳት የማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ እስኪቃጠል ድረስ ደስታ ሆነ። ይሁንና ንግሥት ቪክቶሪያ የላከችው የ98 ቃላት መልእክት ተሻግሮ እስኪያልቅ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። የኩባንያው የኤሌክትሪክ ኀላፊ ዋይልድማን ኋይትሃውስ ምልክቱን ለማፍጠን ብሎ ከፍተኛ ቮልት ለቀቀበት። ኬብሉም ሥራ በጀመረ በሦስት ሳምንት ገደማ ዝም አለ።

ኬብሉ ተቀጥሎ ነበር፤ የሚጫንበትን መሸከሙን ግን አስቀድሞ በደንብ የለካው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ተሰይሞ እ.ኤ.አ. በ1861 ሪፖርቱን አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ የሚያወጣ ኮሚቴ አቆመ። ዛሬ ኦም የምንለው መለኪያ የተደላደለው በዚህ ሥራ ነው። ዊልያም ቶምሰን፣ ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ሊቅ፣ በጣም ደካማውን ምልክት የሚያነብ ባለ መስተዋት መለኪያ ሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1866 የተዘረጋው ኬብል በአስተማማኝ ሁኔታ ሊሠራ የቻለው፣ ሠሪዎቹ ከመገመት ይልቅ መለካትን ስለተማሩ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ከሰፈራችን ልጆች መካከል አሥራ ሁለቱ በርቀት ትምህርት ተመዝግበው ነበር። አዲስ ክፍል ተሠርቶላቸው ኮምፒዩተሮችም ገብተው ነበር። ከቢሮው ማከፋፈያ ሣጥን፣ ማለትም ከስዊቹ፣ እስከ ክፍሉ ድረስ ገመዱን የዘረጋው ሥራውን በኮንትራት የወሰደ ድርጅት ነው። ሥራው ሲያልቅ በሩ ላይ አንዲት ወረቀት ተለጠፈች፤ «ገመዱ ተፈትሿል፤ ደኅና ነው» የሚል ተጽፎባት ማኅተም ነበረባት።

ልጆቹ የሚማሩት ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ነበር። ጥቂት ሳምንት እንኳ ሳይቆይ ችግር መጣ። ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል፤ ትልቅ የቤት ሥራ ለመላክ ሲሞክሩ ግን እኩሌታው ላይ ይቆማል። የመምህሩ ምስል ይደርቃል፤ ድምፁ ይቆራረጣል። በስዊቹ ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ደኅና በርቶ ይቆይና ድንገት ይጠፋል፤ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ተመልሶ ይበራል። በትምህርቱ ደንብ ሦስት የቤት ሥራ በጊዜው ያላስገባ ተማሪ ይሰናበታል። በሁለት ወር ውስጥ አራት ልጆች ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ አንድ ወጣት ደግሞ ከነጭራሹ ተሰናበተ። በመዝገቡ ላይ የተጻፈባቸው ቃል «ትጋት የጎደለው» የሚል ነበር።

ማስጠንቀቂያ ከደረሳቸው አንዷ የማኅበረሰብ ጤና የምትማር ልጅ ነበረች። እናቷ በገበያችን እንጀራ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ስልክ ወደምጠግንባት ቆርቆሮ ቤት መጥተው፣ «ልጄ ኩራዝ አብርታ ሌሊቱን ስትጽፍ አይቻታለሁ። ታዲያ እንዴት አልሠራችም ይሏታል? አንተ የሽቦ ሰው አይደለህም እንዴ? እስቲ እየው» አሉኝ። ለቢሮው ሰውም አቤት ብለው ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የተለጠፈችውን ወረቀት እያሳየ፣ «እናቴ፣ ገመዱ ተፈትሿል፤ ጉዳዩ የልጆቹ ነው» ብሎ መለሳቸው። ወረቀቱን አምኖ ነው።

ባለ ስምንት አምፖሌን ይዤ ሄድኩ። አንዱን አካል በቢሮው፣ ሌላውን በክፍሉ ሰካሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ ስምንት ያለ እንከን በራ። ዘበኛው ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ነበርና፣ «በል እንግዲህ፣ ይኸው ደኅና ነው» አለኝ። በአምፖሉ ቋንቋ እውነት ነበር። ነገር ግን እዚያው ቆሜ ሳለሁ የስዊቹ አረንጓዴ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ። ስለዚህ አምፖሉ የማይመልሰው ጥያቄ እንዳለ ግልጽ ነበር።

በሰፈራችን አንድ አዛውንት አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአገር ቤት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ነገሩን ሳጫውታቸው ገና ሳልጨርስ፣ «ቀለሙን አየኸው?» አሉኝ።

«የቱን ቀለም ጋሼ?»

«የሽቦዎቹን ነዋ! ማን ከማን ጋር እንደተገመደ። የኔ ልጅ፣ ገመድ የሚባለው እኮ ስለተገመደ ነው። ጥንዱን ከለያየኸው የቀረህ ሽቦ ነው።»

ቀጥለውም የቀድሞውን ሥራቸውን አጫወቱኝ። በአገራችን ስልክ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጋሼ በሠሩበት ዘመንም ብዙው የገጠር መስመር በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ራቁት ሽቦ ነበር። በአንድ ምሰሶ ላይ ብዙ ጥንድ ሽቦ ጎን ለጎን ሲሄድ የአንዱ ወሬ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ደዋዩ የማያውቀው ሰው ሲያወራ ይሰማል። ይህን ለመከላከል በየተወሰነው ምሰሶ ላይ የጥንዱን ሽቦዎች ቦታ ያለዋውጧቸዋል፤ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱም ሽቦ ከጎረቤት የሚመጣውን ጩኸት እኩል ይቀበሉና፣ መጨረሻ ላይ አንዱ የሌላውን ያጠፋዋል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 የባለቤትነት ፈቃድ ያወጣበት የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦም ዘዴው ይኸው ነው፤ በየምሰሶው መለዋወጡ ቀርቶ ሽቦዎቹ እዚያው እርስ በርሳቸው ይጠማዘዛሉ።

የዛሬውም የኔትወርክ ገመድ ከዚህ የወጣ ነው። ስምንቱ ሽቦዎች አራት ጥንድ ናቸው፤ እያንዳንዱ ቀለም ከራሱ ነጭ ጋር ይጠማዘዛል። ጫፉ ላይ ባለው መጋጠሚያ ውስጥ ሲገቡ ግን እንደ ተራ ቁጥራቸው አይጣመሩም። 1 ከ2 ጋር፣ 7 ከ8 ጋር ጥንድ ነው፤ በመካከል ግን 4 ከ5 ጋር ይጣመርና 3 ከ6 ጋር ይሆናል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ፣ ወይም የቸኮለ፣ ጥንዶቹን በተርታ 1-2፣ 3-4፣ 5-6፣ 7-8 አድርጎ ያስገባቸዋል። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ካደረገው ሦስተኛው ከሦስተኛው፣ ስድስተኛውም ከስድስተኛው ጋር ይገናኛል፤ አምፖሉም በሥርዓት ይበራል። ኮምፒዩተሩ ግን 3ንና 6ን እንደ አንድ ጥንድ ይጠቀምባቸዋል፤ እነርሱ ደግሞ እርስ በርሳቸው አልተጠማዘዙም። አንዱ ከ4፣ ሌላው ከ5 ጋር ተጠማዝዟል። ስለዚህ የሁለቱ ጥንዶች ወሬ ይደባለቃል። ይህ ስሕተት የተለያየ ጥንድ ይባላል። ባለ ስምንት አምፖሉ የሚያየው መቀጠልን ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ለማየት አልተሠራም።

በማግሥቱ የመጋጠሚያውን ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ በፀሐይ አይተን ቀለሞቹን ጻፍን። ጋሼ እንደ ጠረጠሩት ሆኖ ተገኘ። ሆኖም የባለ ማኅተሙን ወረቀት በቃል ብቻ ማሸነፍ አይቻልም። በዚያው ሳምንት ለሌላ ሥራ ከናይሮቢ የመጣ አንድ ቴክኒሻን ከላይ ሦስተኛ ያልኩት ዓይነት መፈተሻ ይዞ ነበር። የልጅቱ እናት ቡና አፍልተው ጠርተውት ነገሩን አስረዱት፤ እሱም ሳያቅማማ መጣ።

ያ መሣሪያ የሚሠራው እንዲህ ነው። እንደ ትንሹ ሁሉ ሁለት አካል አለው። በመጀመሪያ በሽቦው ውስጥ አንድ ምት ይልካል፤ ምቱ ከብርሃን ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ በሚሆን ፍጥነት ሄዶ፣ ጫፍ ወይም ስብራት ሲያገኘው ተመልሶ ይመጣል። የወሰደበትን ጊዜ ለክቶ ርዝመቱን ያሰላል። የኛ ገመድ 86 ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ምቱ ደርሶ የተመለሰው ከአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ቀጥሎ ከዝቅተኛ ድግግሞሽ ጀምሮ እስከ 100 ሜጋኸርዝ ድረስ በአንዱ ጥንድ ላይ ምልክት እየላከ፣ በሌላው ጥንድ ላይ ምን ያህሉ እንደ ተሻገረ ያዳምጣል። ይህንንም ከሁለቱም ጫፍ ያደርገዋል።

ውጤቱ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ታየ። በ3-6 እና በ4-5 መካከል ያለው መራራቅ በ100 ሜጋኸርዝ ላይ ቢያንስ 32.3 ዴሲቤል መሆን ሲገባው፣ የተገኘው 15.3 ብቻ ነበር። ለማያውቀው ሰው ሲተረጎም፣ ከጥንድ ወደ ጥንድ የሚሻገረው ጩኸት በኀይል ከሚፈቀደው 50 እጥፍ ያህል ነበር ማለት ነው። ባለ 1000 ሜጋቢት ግንኙነት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ደረጃ የወጣለት፣ በአራቱም ጥንድ በአንድ ጊዜ እየላከ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። እንዲህ ባለ ጩኸት ውስጥ ሊደማመጥ አይችልም። አጭር ጽሑፍ ሲሆን ሾልኮ ያልፋል፤ ሸክሙ ሲከብድ ግን ግንኙነቱ ይፈርሳል፤ ስዊቹም እንደገና ሊያያዝ ይሞክራል። የአረንጓዴው መብራት መጥፋትና መብራት ይህ ነበር።

ሁለቱን ጫፎች ቆርጠን፣ ቀለሞቹን በትክክለኛው ተራ አሰካክተን እንደገና ለካን። መሣሪያው አለፈ አለ። ሥራው ከሻይ መጠጫ ጊዜ አይበልጥም ነበር።

ቴክኒሻኑ ግን በዚህ አላበቃም። ገመዱ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ተጠግቶ ማለፉን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። መለኪያው ለቋሚው ገመድ 90 ሜትር የሚፈቅደው በ20 ዲግሪ ሙቀት ነው። መዳብ ሲሞቅ ምልክቱ በመንገድ ላይ ይበልጥ ይደክማል፤ ስለዚህ በ40 ዲግሪ የሚፈቀደው ወደ 84 ሜትር፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ ወደ 75 ሜትር ይወርዳል። በቱርካና ፀሐይ በቀትር ከቆርቆሮ ሥር ያለውን ሙቀት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ስለዚህ ገመዱን ከጣሪያው አውርደን በግድግዳው ጥላ በአቋራጭ አሳለፍነው፤ ርዝመቱም 71 ሜትር ሆነ። ከዚያም ሆን ብለን በቀኑ 8 ሰዓት፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ እንደገና ለካን። ጠዋት ብቻ የተለካ ገመድ ስለ ቀትር ሊመሰክር አይችልም።

የበፊቱንና የኋላውን ውጤት አሳትመን፣ ጋሼ፣ የልጅቱ እናትና እኔ ሆነን ቢሮ ገባን። ከዚህም ጋር ስዊቹ ራሱ የመዘገበውን፣ ግንኙነቱ የተቋረጠባቸውን ሰዓቶች ዝርዝር ይዘን ነበር። የቢሮው ሰው ከልጆቹ የቤት ሥራ መላኪያ ሰዓት ጋር ጎን ለጎን አስተያየው። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አነበበ። በመጨረሻ ተነሥቶ የበሩን ወረቀት ራሱ ላጣት።

የአራቱ ልጆች ማስጠንቀቂያ ተሰረዘ። የእንጀራ ሻጯ ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ዛሬ በጤና ሥራ ላይ ነች። የተሰናበተው ወጣት ግን ቀድሞ ተስፋ ቆርጦ ከሰፈሩ ወጥቶ ነበር፤ ቦታውም ለሌላ ተሰጥቷል። በመዝገቡ ላይ «ትጋት የጎደለው» የሚለው ተፍቆለታል፤ ትምህርቱ ግን አልተመለሰለትም። ያን ገመድ የዘረጋው ሰው ይህን ማወቁን እጠራጠራለሁ። ለሥራው በተጻፈው ውል ውስጥም «ይፈተሽ» የሚል ብቻ እንጂ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው መለኪያ የሚል አልነበረም። አምፖሉ ሲበራ ውሉ ተፈጸመ።

ከዚህ ታሪክ በኋላ ብዙዎች «ውዱ መሣሪያ ከሌለን ምን እናድርግ?» ብለው ጠይቀውኛል። በእጃችን ባለው የሚቻለውን በአጭሩ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ገመድ ስትገዙ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ። ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ከወጣ፣ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። መለኪያው መዳብ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛ፣ ባለ ስምንት አምፖሉን አትናቁት፤ የተበጠሰና የተለዋወጠ ሽቦ ያገኛል። ነገር ግን ካበራ በኋላ የሁለቱን ጫፍ ቀለም በዓይናችሁ አንብቡ። የተለያየ ጥንድን ያለ መሣሪያ የሚያገኘው ዓይን ብቻ ነው። ጫፍ ስትሠሩም የጥንዶቹን ጥምዝ ከሚያስፈልገው በላይ አትፍቱ።

ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ በስንት ፍጥነት እንደ ተያያዘ ተመልከቱ። በ1000 ሊያያዝ የሚገባው በ100 ከተያያዘ፣ ከአራቱ ጥንድ አንዱ ላይ ጠርጥሩ፤ 100 በሁለት ጥንድ ብቻ ይሠራልና። የ1000ው ደረጃ የሚፈቅደው ስሕተት ከ10 ቢሊዮን ቢት አንድ ነው። በስዊቹ ላይ የስሕተት ቆጣሪ ካለ፣ እያደገ የሚሄድ ቁጥር ሕመም ነው።

አራተኛ፣ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በዚያው ገመድ 1000 የፒንግ መልእክት ላኩና የጠፋውን ቁጠሩ። በጤነኛ ገመድ ላይ የሚጠፋ ሊኖር አይገባም። ከዚያም አንድ ትልቅ ፋይል እያመላለሳችሁ ጊዜውን መዝግቡ። ይህንንም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አድርጉት። ሸክም ሳይጫን የተደረገ ፍተሻ ስለ ሸክም አይናገርም።

አምስተኛ፣ ሁሉንም ጻፉ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መሣሪያውን፣ ቁጥሩን፣ የፈታሹን ስም። «ደኅና ነው» የሚል ወረቀት ስታዩም «በምን ተለካ? መቼ? ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እኛ በስደት ያለን ሰዎች ፍተሻን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በየቢሮው «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚል መልስ ብቻ በሚቀበል ጥያቄ ተመርምረናል፤ ሕይወታችንም በአንዲት ቃል መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ያን ወጣት ያሰናበተችውም ቃል እንዲህ ያለች ነበረች። ስለዚህ እኛ ራሳችን ፈታሽ በምንሆንበት ጊዜ፣ ገመድም ይሁን ሰው፣ የፈተሽነውን ብቻ መጻፍ ይገባናል። አምፖል ካየን «አምፖሉ በርቷል» እንበል፤ ሸክሙን ሳንለካ ስለ ሸክሙ አንፈርም።

ጋሼ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀለም መለየት አቅቷቸዋል። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ሰብስበው ጫፍ አሠራር ያስተምራሉ። እኔ ቀለሙን እጠራለሁ፤ እርሳቸው ማን ከማን ጋር እንደሚገመድ ይናገራሉ። መማር የምትፈልጉ፣ ወንድም ሆናችሁ እኅት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ወደ ሱቄ ብቅ በሉ። ቁራጭ ገመድና መቆንጠጫ አለ፤ ክፍያ የለውም።

መምጣት ለማትችሉ ተራውን እዚህ እጽፈዋለሁ፤ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። ይህ ገጽ ወደ ጎረቤት ከማለፉ በፊት በደብተራችሁ ቅዱት፦

1 ነጭ-ብርቱካናማ፣ 2 ብርቱካናማ፣ 3 ነጭ-አረንጓዴ፣ 4 ሰማያዊ፣ 5 ነጭ-ሰማያዊ፣ 6 አረንጓዴ፣ 7 ነጭ-ቡናማ፣ 8 ቡናማ።